ርቀትዎን ይጠብቁ

በኮሮናው ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን መከላከያ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። በር ላይ የተለጠፈውን «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚል ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጭንብል ሳያደርግ የመጣ ባለጉዳይ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ፀሐይ ላይ አቁሜ እመልስ ነበር። ደስ ይለኝም ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ሰፈሬ ዓባይ ማዶ ስገባ ግን የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ይሳሳማል፣ ይተቃቀፋል። የጎረቤታችን ባል የሞቱ ዕለት ድንኳን ተተከለ፤ እናቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች። ጎረቤታችን የስንት ዘመን ወዳጇ ናቸው፤ አባቴ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ከጎኗ አልተለዩም። የግቢውን በር ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

«ምነው ልጄ፣ እኔንስ ማን ሊቀብረኝ ነው?» አለች።

«በሽታው ከያዘሽ ማንም አይቀብርሽም» አልኋት።

ሦስት ቀን በበሩ ስንጥቅ ድንኳኑን እያየች ለብቻዋ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን «ታማ ነው ወይ የቀረችብኝ?» ብለው ሰው ላኩ። በሩን ሳልከፍት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ደኅና ናት! ተቃቅፎ ማልቀስ ነውር የሆነበት ጊዜ ነው፣ አልሰማችሁም?» አልሁ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአለቃዬ እናት ሞቱ። የደረጃ ዕድገት በእጁ ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ እንደሚይዝም አውቃለሁ። ሰው መመሪያ የሚያከብረውም የሚጥሰውም በሽታውን አስቦ አይደለም፣ የሚያየውን ሰው አይቶ ነው። ሄድሁ። ፊቴን ካላየ መምጣቴን በምን ያውቃል ብዬ ጭንብሌን አወለቅሁ። አንገቱን አቅፌ፣ ለአባቴ እንኳ ያላለቀስሁትን ለቅሶ አለቀስሁለት።

እሱን በማግስቱ ያስለው ጀመር። እኔ በሳምንቱ ተኛሁ፤ እናቴ ግንባሬን እየዳበሰች፣ በእጇ እያጎረሰች አስታመመችኝ። እኔ ስነሣ እሷ ተኛች። እሷ አልተነሣችም።

የቀብሯ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጭንብል አድርጎ መጣ። ድንኳኔ ውስጥ የገባ የለም። ከበሩ ውጭ፣ ተራርቀው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ከፊት ጎረቤታችን ነበሩ። ወደሳቸው አንድ እርምጃ ስጠጋ ሁለት እርምጃ ሸሹ።

«እትዬ፣ እባክዎ» አልሁ።

«እሷንስ አንጀቴ እያረረ አለቅሳታለሁ። አንቺን ግን አላቅፍም። ነውር ነው አላልሽም?»

ወረቀት ለጥፌ፣ ጮኼ ያላስከበርሁትን መመሪያ ሰፈራችን አንድ ሰው ሳይጎድል ያን ዕለት አከበረው።

በማግስቱ ድንኳኔ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ተነሥቼ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ከጎረቤታችን ደጅ ሰው ሞልቷል፤ ጭንብል ያደረገ የለም። አንገት ላንገት ተቃቅፈው እናቴን ያለቅሷታል።