ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ወደ ቱሉ ዲምቱ

ከአራት ኪሎ በሚኒባስ የተነሳሁት ከምሳ በኋላ ነው፤ ጉዳዬ አቃቂ ነበር። ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን ማውጣት፣ ጋዙንም ጭስ የሌለው ማገዶ ማድረግ የወጣትነት ዕድሜዬን የበላ ምርምር ነው። ሌላው ዓለም ሥራውን ለማፋጠን ፕላቲኒየም ይጠቀማል። እኛ ፕላቲኒየም ከየት እናመጣለን? እኔ የያዝኩት ኒኬል ነው። በብርጭቆ ልክ ሠርቶልኛል። በበርሜል ልክ ይሠራ እንደሆነ የሚታየው ዛሬ፣ አቃቂ በሰቃ፣ በያጁ ማስረሻ ግቢ ውስጥ ነው።

ኒኬሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ፖታሽ የሚባል የሚያቃጥል ኬሚካል ያሟሟሁበትን ውሃ ደግሞ በቢጫ የዘይት ጀሪካን ይዣለሁ። የጠጣው ሰው ጉሮሮው ይላጣል። ላቦራቶሪያችን ሌላ ዕቃ ስለሌለው እንዲህ ነው የምንሠራው።

ሳሪስ ላይ አንዲት እናት ተሳፈሩ፤ እማማ ዘነበች ይባላሉ። እሳቸውም ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል። ረዳቱ ሁለቱንም ከኋላ ወንበር ሥር ወሸቃቸው።

«ጠበል ነው» አሉኝ። «ልጄ ሆዷን አሟት ከረመች። ነገ ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣዋለች። አንቺስ ከየት ቀድተሽ ነው?»

«የኔ የሥራ ነው እማማ» ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ስለ ሥራዬ ለሰው ማስረዳት ድሮም ይታክተኛል።

ቃሊቲን ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋን ስናልፍ፣ ቤታቸው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከሸምሱ ሱቅ ፊት ለፊት መሆኑን፣ ውሃ ጠፍቶ ባልዲ ይዘው ሦስተኛ ፎቅ እንደሚወጡ ሲያጫውቱኝ ቆዩ።

አቃቂ በሰቃ

ረዳቱ ጀሪካኔን በመስኮት አቀበለኝ። ማስረሻ በርሜሉን አሳምሮ በይዶታል። የጀሪካኑን ግማሽ ገለበጥን፣ ኒኬሉን ነከርን፣ ባትሪውን አገናኘን። መለኪያው ንቅንቅ አላለም። አንዲት አረፋ እንኳ የለም።

«ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ያልሽው ውሃ ይሄ ነው?» አለ ማስረሻ።

ኒኬሌ የከሸፈ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ድንገት ዓይኔ ክዳኑ ላይ አረፈ። እንዳያፈስ ፌስታል ታስሮበታል። እኔ ፌስታል አላሰርኩም! ክው ብዬ ቀረሁ። በእጄ ያለው የእማማ ዘነበች ጠበል ነው። እሳቸው የኔን ፖታሽ ይዘው ሄደዋል፤ ልጃቸው ልትጠጣው ነው።

ቱሉ ዲምቱ

«ነገ ጠዋት ነው ያሉት፣ ነገ ጠዋት ነው» እያልኩ፣ የተረፈውን ጠበል ይዤ መንገዱን ጨረስኩት። ሸምሱን ሱቁ በር ላይ አገኘሁት።

«እማማ ዘነበችን ነው? ወደ ላይ ውጪ፣ ውጪ! ጠበሉ ያለ እሳት ፈላ ብለው የብሎኩ ሰው ሁሉ እዚያ ነው።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ እልልታው እስከ ታች ይሰማል። እማማ ዘነበች ለጎረቤት ለማካፈል ብለው የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ገልብጠውታል። ድስቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ይንተከተካል። ፖታሽ አሉሚኒየም ሲያገኝ እየበላው ሃይድሮጅን ያወጣል። አቃቂ ላይ እንቢ ያለኝ ጋዝ ሰው በሞላበት ሳሎን ውስጥ ይንፈቀፈቃል! አንዷ ጧፍ ለኩሳ ወደ ድስቱ ትጠጋለች፤ እሳት ከነካው ይፈነዳል። ተአምሩን አይተው ነገን መጠበቅ ትተዋል መሰለኝ፣ ልጅቷ ኩባያውን ወደ አፏ አስጠግታለች።

«አትጠጪ! ጧፉን አጥፉ!»

«በጠበል ፊት ትጮሃለች እንዴ?» አለ አንድ ጎረቤት።

«ጠበል አይደለም! የኔ ኬሚካል ነው። ጠበላችሁ ይሄውና!»

መስኮቱን ከፍቼ ድስቱን እንዲያዩት ሳዘነብለው ውስጡ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። እልልታው ቀጥ አለ። እማማ ዘነበች ኩባያውን ከልጃቸው እጅ ነጥቀው ቁጭ አሉ። ጀሪካናቸውን ሳቀብላቸው ፌስታሉን አወቁት፤ ቢሆንም አላመኑኝም። በሌላ ኩባያ ቀዱና ወደ እኔ ዘረጉት።

«መጀመሪያ አንቺ ጠጪ።»

ጠጣሁ። ቤቱ ሁሉ ጉሮሮዬን ያያል።

መልስ

በጀሪካኔ የተረፈውን ፖታሽ ጉልበቴ መሃል ይዤ ተሳፈርኩ። የዚህኛው ሚኒባስ ረዳት ጀሪካኑን አይቶ እጁን ሰደደ።

«ጠበሉን ከወንበር ሥር ላድርግልሽ እህቴ?»

«ጠበል አይደለም። የሚገድል ኬሚካል ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

አጠገቤ የነበረው ሰውዬ «ወራጅ አለ!» አለ። እስከ አራት ኪሎ ጎኔ የተቀመጠ ሰው የለም።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ይህን ነው፦ እማማ ዘነበች ከየት ቀድተሽ ነው ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ለረዳቱ የነገርኩትን ለእሳቸው ብነግራቸው ኖሮ፣ ልጃቸው ያንን ኩባያ አታነሳም ነበር።