ልቆረጥ ወይስ ልቅር? ከመቱ እስከ ያዮና ኡካ

መነሻ

ቅዳሜ ጠዋት ከመቱ መናኸሪያ ስነሳ የጂማ ሆስፒታል ሪፈር ወረቀት በቦርሳዬ ነበር። የተሳፈርኩት ግን ያዮ ድረስ ብቻ ነው። ጂማ ሄጄ ከመቆረጤ በፊት አንድ ሰው ማነጋገር ፈልጌያለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። መቱ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከጉርምስናዬ ጀምሮ ደረቴ ላይ ጡት አለ። ውፍረት እንዳይመስላችሁ፤ ሮጬም፣ ክብደት አንስቼም፣ ጾሜም አልጠፋም። እንደ ሴት ልጅ ጡት ሁለቱም ጎን ወጥቷል፤ ከጫፉ ሥር ጠንከር ያለ እጢ ይዳሰሳል። በዚህ ምክንያት በጠራራ ፀሐይ ዚፑ እስከ አንገት የተዘጋ ጃኬት ለብሼ ተማሪ አሯሩጣለሁ። ሰው «ቲቸር፣ ብርድ ይዞሃል እንዴ?» ሲለኝ «አዎ፣ ትንሽ» እላለሁ።

በክረምቱ ሌንሴን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። ሌንሴ ሁሩሙ ከተማ የምታስተምር መምህርት ናት፤ አባቷ ስለሞተ ያሳደጓት አጎቷ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ መቱ ውስጥ የታወቁ ቡና ነጋዴ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነገሩ ሊያልቅ ሲል ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጁ ጨዋ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ደረቱን ያስተካክል። ወጪው በእኔ ነው። ሰርጉ ከዚያ በኋላ ይሆናል» አሉ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ እንደሚያየው ነው ያዩኝ። ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ የጃኬቴን ዚፕ ይበልጥ ወደ ላይ ሳብኩ። እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ሐኪም ጋ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ፣ ደረቴን በአልትራሳውንድ አየ፣ የምወስደው መድኃኒት እንዳለም ጠየቀኝ። በመጨረሻ፣ «ክፉ ነገር የለውም። ልጅ ከመውለድም አያግድህም። ብዙ ወንዶች በጉርምስና ይወጣባቸውና ይጠፋል፤ ያንተ ቀረ። ከፈለግክ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ካልፈለግክ ግን የሚያስገድድህ በሽታ የለም» አለኝና ሪፈሩን ጻፈልኝ።

ኦቦ ገመቹ ሪፈር መጻፉን ሰሙ፤ «ካልፈለግክ» የሚለውን ግን የሰማ የለም። መኪና አገኙልኝ፣ ጂማ የማርፍበትን ቤት አዘጋጁልኝ፣ ሐሙስ ይሂድ ብለው ወሰኑ። እናቴ ናት እንግዲህ ማታ እራት ላይ ድንገት፣ «ያዮ ያለው የቤተሰባችን የድሮ ወዳጅ ጋሼ ታፈሰ ያንተው ዓይነት ደረት ነበረው፤ በወጣትነቱ ነው ያስወጣው» ያለችኝ። ያን ያህል ዘመን ሳትነግረኝ! «ሰው የደበቀውን እንዴት አወራለሁ?» ነው መልሷ።

ሌንሴ ልትሸኘኝ መናኸሪያ ድረስ መጣች። በሚኒባሱ መስኮት በኩል፣ «ተቆረጥ፣ አትቆረጥ፣ እኔ አልልህም» አለችኝ። «የአጎቴን ውሳኔ ተሸክመህ ግን እንዳትመጣብኝ።»

ያዮ

ከመቱ እስከ ሁሩሙ ጉም ነበር፤ ከሁሩሙ በኋላ ፀሐይ ወጣችና ጫካው ታየ። ጥቅምት ነው፤ ቡናው መቅላት ጀምሯል። በየመንገዱ ዳር ቅርጫት ያነገቱ ለቃሚዎች ወደ ጫካ ይገባሉ። ትልልቆቹ ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበቱ ላይ ዶሮ ይዞ እስከ ያዮ ድረስ ስለ ዘንድሮ ዝናብ አወራኝ፤ እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ጋሼ ታፈሰ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ዛሬ በጡረታ ማር ይነግዳሉ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ድንጋዩ በተፈነቃቀለ አቀበት ጫፍ ላይ ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው አቅፈው ሳሙኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ደግሞ በሩን ዘጉና ያለ ምንም ማመንታት ሸሚዛቸውን ከፈቱ።

«ና፣ ቅረብና እይ። ለዚሁ አይደል የመጣኸው?»

ከጡታቸው ጫፍ ሥር በሁለቱም በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ የቀጠነ ጠባሳ አለ። የግራው ትንሽ ጎድጎድ ብሏል።

«ይኼኛው እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሲነኩት ስሜትም የለው። የዛሬ ሐኪም ይሻል ይሆናል፤ እኔ የማውቀው የኔን ነው» አሉ።

«ተጸጽተዋል?»

«ኧረ በፍጹም! ነዳጅ ማደያ በደረስኩ ቁጥር ሸሚዜን አውልቄ ከቧንቧ ሥር እገባ ነበር፣ ለሰው ላሳይ ብዬ።» ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ፣ «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ከተቆረጥኩ በኋላ ሰው የሚስቅብኝ ነገር ያጣል ብዬ ነበር። ዓመት አልቆየም፣ ፀጉሬ መመለጥ ጀመረ። ሳቁ ከደረቴ ተነሥቶ አናቴ ላይ ወጣ። ስለዚህ ለራስህ ብለህ ከሆነ ተቆረጥ፣ ደስ ይልሃል። የሰው አፍ ለመዝጋት ከሆነ ግን የሰው አፍ ስፌት የለውም።»

ባለቤታቸው ጨጨብሳ በማር አቀረቡልን። የያዮ ማር ነጣ ያለ ነው፤ ጉሮሮ ይከረክራል። ስንበላ ጋሼ ታፈሰ ማሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ዋቅጅራን ግን ሄደህ ማየት አለብህ» አሉ።

ዋቅጅራ የኡካ ሰው ናቸው፤ የወጣትነት ወዳጃቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ደረት ስለነበራቸው አብረው አዲስ አበባ ሄደው ሊቆረጡ ተቀጣጥረው ነበር። ጋሼ ታፈሰ ተሳፈሩ፤ ኦቦ ዋቅጅራ ከመናኸሪያው በር ተመለሱ።

በልቤ ደስ አለኝ። ሳይቆረጥ በኩራት የኖረ ሰው ላገኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እንደሳቸው እሆናለሁ፣ ለኦቦ ገመቹም «ይኸው ምሳሌ!» እላቸዋለሁ።

ኡካ

ማታውን መቱ ተመልሼ አደርኩና እሑድ ወደ ኡካ ተጓዝኩ። ኡካ የሃሉ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊጥል ደመናው ሲጠቁር ነው። የኦቦ ዋቅጅራን ቤት የጠየቅኋት ሙዝ ሻጭ በኦሮምኛ አቅጣጫውን ነግራኝ ስታበቃ፣ ጣቷን ወደ አንድ ሰው ቀስራ፣ «እንዲያውም ያውና፣ ካፖርት የለበሱት» አለችኝ።

ካፖርት! ሙቀቱ አየሩን አፍኖታል፤ ሕፃናቱ እርቃናቸውን ይሯሯጣሉ፤ እሳቸው እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል። ዚፑ እስከ አንገት በተዘጋ ጃኬቴ ወደሳቸው ስሄድ ተያየን። ሳልናገር ያወቁኝ ይመስለኛል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዋቅጅራ?» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ከጋሼ ታፈሰ ዘንድ እንደመጣሁ ስነግራቸው ክንዴን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር ቀረበ። የመጣሁበትን እስክነግራቸው ድረስ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሮ ስለነበር ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ እሳቸው በእጃቸው «ቀስ፣ ቀስ» አሉኝ። ልጃቸው ጓዳ ነበረች።

«ሳይቆረጡ በመቅረትዎ ደስተኛ ነዎት?» አልኳቸው።

«እኔ?» ጎደሬውን አስቀመጡት። «ብቆረጥ ይሻለኝ ነበር።»

ክው አልኩ።

«ከከተማው በታች ያለውን ወንዝ አየኸው?» አሉኝ። «ልጆቼ ሁሉ ዋና የተማሩት እዚያ ነው። ያስተማራቸው ወንድሜ ነው። እኔ ዳር ቆሜ ልብስ እጠብቃለሁ። ዋና ሳልችል ቀርቼ አይደለም፤ ከወንድሜ ይልቅ እችላለሁ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጆች ወልዳልኝ፣ አርጅታ ሞተች፤ ደረቴን በብርሃን አላየችውም።»

«ሰው በጣም ይስቅብዎት ነበር?»

ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ግራ የገባቸው ይመስል፣ «ማን አይቶኝ ይሳቅ?» አሉ።

ያን ሌሊት እንግዳ ተብዬ በተሰጠኝ አልጋ ላይ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለቱም ሽማግሌዎች «ተቆረጥ» ያሉኝ መሰለኝ፤ አንዱ ተቆርጦ ስለተደሰተ፣ ሌላው ሳይቆረጥ ስለተጸጸተ። ግን የኦቦ ዋቅጅራን ነገር ሳገላብጠው ንዴት ያዘኝ። እኚህን ሰውዬ ወንዝ እንዳይገቡ የከለከላቸው ጡታቸው ነው? ጡት እጅ የለው፣ ምን አድርጎ ይይዛቸዋል? የያዛቸው ካፖርቱ ነው። አንድም ሰው ሳይስቅባቸው ዕድሜ ልካቸውን ከሳቅ ሲሸሹ ኖሩ። እኔስ? እኔም የተማሪ ውድድር በመጣ ቁጥር ጃኬቴን ስቆልፍ አሥራ ምናምን ዓመት ሆነኝ። አልጋው ላይ ተቀምጬ፣ «አይሆንም!» አልኩ፤ ድምፄ ወጥቶ ነበር መሰለኝ ከጓዳ በኩል ሰው ሲስል ተሰማ።

ጭቃው

ሰኞ ጠዋት የተሳፈርኩበት መኪና ብዙም ሳይርቅ ቁልቁለቱ ሥር ጭቃ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጎማው ይበልጥ ይሰምጣል። ረዳቱ «ውረዱ፣ ግፉ!» አለ። ጎማው የሚረጨው ጭቃ የሚምር ስላልሆነ ወንዶቹ ሸሚዛቸውን እያወለቁ የቡና ዛፍ ላይ ሰቀሉ።

እኔ እጄ ዚፑ ላይ ነበር። ጀግና ነኝ ብዬ አልዋሽም፤ ዚፑን ሁለቴ ዝቅ አድርጌ መልሼ ዘጋሁት። ኦቦ ዋቅጅራ ጠዋት ሲሸኙኝ በካፖርታቸው ውስጥ ያላባቸውን ላብ አስታወስኩ። ጃኬቴን አወለቅሁ። ከዚያ ካኔቴራዬን አወለቅሁ። ሰቀልኳቸውና ወደ መኪናው ሄድኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ወዲያው አንድ ወጣት፣ «ወንድሜ፣ አንተ እንኳን ከሴቶቹ ጋር ብትቆም ነው የሚያምርብህ!» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ፊቴ እንደ ረመጥ ጋለ።

«ሴቶቹ የት የቆምን መስሎህ ነው?» አለች ከመኪናው ጀርባ አንዲት ጎልማሳ ሴት። ወደ ኖፓ ገበያ የምትሄድ ሴት ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሁሉም ቀድማ ትከሻዋን ለመኪናው ሰጥታለች። «እየገፋን አይደለም እንዴ? ቆሞ የሚያወራው አንተ ነህ!»

አሁን ሁሉም በእሱ ሳቀ። እኔ ግን የራሴን መልስ ራሴ ልመልስ ፈለግሁ። «ጡት ነው» አልኩት ልጁን፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አለኝ። አይተህ ከጨረስክ፣ ና በዚህ በኩል ያዝ።»

ልጁ መጣ፣ አጠገቤም ቆመ። «ሆ!» ተባብለን ገፋን። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው መኪናው እየተንገላታ ወጣ፤ እኛም ከአናት እስከ እግር ጭቃ ሆንን። ዳር ላይ በሚወርደው ምንጭ ከሌሎቹ ጋር ታጠብኩ። ውኃው ይቀዘቅዛል። ነፋስ እርጥብ ደረቴን ሲነካው ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

መቱ

ማክሰኞ ማታ ኦቦ ገመቹ ቤት ተሰበሰብን፤ እሳቸው፣ እናቴ፣ ሌንሴና እኔ። የሐሙሱ መኪና ተዘጋጅቷል አሉኝ።

«ኦቦ ገመቹ፣ አልሄድም» አልኳቸው።

«ፈራህ?»

«ፈርቼ ቢሆን ኖሮ እሄድ ነበር። እስከዛሬ ሲያሯሩጠኝ የኖረው ፍርሃት ነው። ቀዶ ሕክምናውን አልጠላሁትም፤ ተቆርጦ የተደሰተ ሰው በዓይኔ አይቼ መጥቻለሁ። አንድ ቀን እኔም ለራሴ ስል ልፈልገው እችል ይሆናል፤ ያኔ መንገዱን አውቀዋለሁ። ዛሬ አልፈልግም። ሚስት ለማግባት ግን ሥጋዬን ቆርጬ ጥሎሽ አልሰጥም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

ኦቦ ገመቹ ወደ ሌንሴ ዞረው በኦሮምኛ ተናገሯት። ፈጥነው ስለተናገሩ ግማሹ አመለጠኝ፤ ዋናው ግን ገብቶኛል፤ ከዚህ ሰው ጋር በጋብቻ ቀን አደባባይ አብሬ አልቆምም ነው ያሉት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ሌንሴ በአማርኛ መለሰች፣ እናቴ እንድትሰማ። «አጎቴ፣ እርስዎ አሳድገውኛል፤ ቢቆሙልኝ ደስታዬ ነው። ካልቆሙ ግን የማገባው እሱን ነው፤ የሚቆምልኝ አላጣም።»

ተነሥተው ጓዳ ገቡ። እራት ሳንበላ ወጣን።

ይህን ስጽፍ ኦቦ ገመቹ ከእኛ ጋር አልታረቁም። ሽማግሌ ተልኳል፤ ይምጡ አይምጡ አላውቅም፤ ሰርጉ ግን በጥር ነው። እኔም ድንጋይ አልሆንኩም። ረቡዕ በማሊያ ብቻ ሜዳ ስወጣ ከተማሪው መካከል ሳቅ ተነሣ፤ ፊቴም ጋለ። ፊሽካዬን ይዤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ሳቅ ዝም ብለው ቢጠብቁት ለካ አጭር ነገር ነው፤ እኔና ኦቦ ዋቅጅራ እስከ መጨረሻው ቆመን ሰምተነው ስለማናውቅ ነው ረጅም የመሰለን። ሲያልቅ ፊሽካውን ነፋሁና ሩጫ ጀመርን።