ያልደረቀ ዋንዛ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ትንንሹን ኃጢአት እየዘረዘርሁ ይህን ዘልዬዋለሁ። አሁን መሸከሙ ደከመኝ። ስለዚህ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገረው።

ባሕር ዳር፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። እንጨት ሥራ እንጀራዬ አልነበረም፤ ከሥራ መልስ ጓሮዬ ውስጥ በቆርቆሮ በከለልኋት ክፍል ወንበርና መደርደሪያ እሠራ ነበር። ሰው «እጁ የተባረከ ነው» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጥፋቱ የጀመረው ከዚህ ደስታ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት መሪጌታ ይባቤ ቤቴ ድረስ መጡ። ዘጌ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የቅኔ መምህርና የዕቃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። የብራና መጻሕፍቱ የሚቀመጡበትን ቁም ሳጥን በር ምስጥ ጨርሶት ኖሮ፣ አዲስ በር እንድሠራላቸው ለመኑኝ። ልኩን በገመድ ቋጥረው ይዘውት ነበር።

ደረቅ ዋንዛ ፈልጌ አጣሁ። ያገኘሁት ከተሰነጠቀ ወር ያልሞላው ነው። ሻጩ ራሱ «ይህ ካልከረመ ይጣመማል» ብሎኛል። እኔስ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቃለሁ። ግን የዓመቱ ንግሥ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ካህናቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት «ይህን ማን ሠራው?» እንዲባል ፈለግሁ። ስልገው ፍቅፋቂው ከእርጥበቱ የተነሣ ጣቴ ላይ ይጣበቅ ነበር። መሪጌታ ሊያዩት ሲመጡ፣ «እንጨቱ ደርቋል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ደርቋል፣ የኔታ» አልሁ።

በጀልባ ጭኜ ወስጄ እኔው ገጠምሁት። እንደተመኘሁትም ተመሰገንሁ።

በጋው አልፎ ተጠራሁ። አይጥ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብታ አንዱን የብራና መጽሐፍ ከግርጌው በልታዋለች። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች ደጅ ተቀምጠው መሪጌታን ሲጠይቁ፣ እኔ የቁም ሳጥኑን በር ማጠፊያ ለማየት ቁልፉን ከእሳቸው ተቀብዬ ብቻዬን ዕቃ ቤት ገባሁ። በሩን ዘግቼ ቆለፍሁት። ቁልፉ በደንብ ያዘ፤ የታችኛው ማዕዘን ግን ወደ ውጭ ተጣሞ ሁለት ጣት ያሾልክ ነበር። ቤቱ ጨለማ ነው፤ የመሪጌታም ዓይን ደክሟል። እኔ ግን አየሁት። አይቼ ምን አደረግሁ? ከዕቃዬ መካከል ጠንካራ ጣውላ አውጥቼ፣ በሩን ከውስጥ በኩል በብሎን አስሬ አቀናሁት።

ስወጣ ቁልፉን ለመሪጌታ መለስሁላቸው፤ አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ሰብሳቢው «በሩ ጉድለት አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለውም። ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ አይጥ አይገባም ነበር።»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። «ዘግቼዋለሁ» አሉ። አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ዳብሰው «የዘጋሁት ይመስለኛል» አሉ። ቀጥለውም «እንግዲህ እርጅና ነው፤ ረስቼው ይሆናል» ብለው ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለሰብሳቢው ሰጡ።

እስከ ጀልባው ድረስ እሳቸው ሸኙኝ። መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ዲያቆናቱ ከፍተውት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር። አንተ እውነቱን ተናግረህ ሰው ከማማት አዳንኸኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔም አሜን አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከተማሪዎቻቸው ነው። ከጎጇቸው ሲወጡ በሩን ዘግተው ጥቂት ይሄዱና ተመልሰው በእጃቸው ይዳብሱታል አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃል ያስተማሩትን ሲናገሩ ይቆሙና «አልተሳሳትሁም?» ብለው ተማሪውን ይጠይቃሉ። ዓመት ሳይሞላ ማስተማሩን ተዉ። እንፍራንዝ፣ የእኅታቸው ልጅ ዘንድ ሄደው ሦስት ዓመት ያህል ቆይተው ዐረፉ። ለቀብር ስጠራ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሄጄ እውነቱን ያልነገርኋቸው እንፍራንዝ ርቆኝ ነው? ፈርቼ ነው እንዳልል ምን ያደርጉኝ ነበር? በሩ ተጣመመ ተብሎ የሚታሰር ሰው የለም። «ሌላ ሥራልን» ይሉኝ ነበር፤ ያውም በትሕትና። እኔ ግን እጁ የተባረከ ነው መባሌ እንዳይቀር ብዬ አንድ አዋቂ ሰው የገዛ አእምሮውን እንዳያምን አደረግሁ። መጽሐፉን የበላችው አይጥ ናት፤ እሳቸውን የበላኋቸው እኔ ነኝ።

መሣሪያዎቼን ለጎረቤት ከሰጠሁ ቆየሁ። ሰዎች እጄ ስለደከመ ይመስላቸዋል።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ስሕተቱ የራሳቸው እንደሆነ አምነው ሞተዋል። እናንተ አንድ ነገር ብቻ ዕወቁልኝ። መሪጌታ ይባቤ አልረሱም። በሩን ዘግተውት ነበር።