ከቆርቆሮው የወጣው ፓውደር

የእህቴ ልጅ አምስት ወር ሲሞላት መቀመጫዋ ቀልቶ አልድን አለ። ሁለት ቀን ይሻላታል፣ በሦስተኛው ይብስባታል። ዳይፐሯን ስፈታ ከጭኗ መጋጠሚያ ጀምሮ ቆዳዋ እንደተላጠ ቲማቲም ያብረቀርቃል። በእርጥብ ጨርቅ ስነካት መጀመሪያ ድምፅ አታሰማም፤ አፏን ከፍታ ትንፋሿን ትይዝና ፊቷ ሁሉ ደም ከለበሰ በኋላ ነው ልቅሶው የሚወጣው። ያን ዝምታ እፈራው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከእሷ በፊት ልጅ አቅፌ አላውቅም።

እህቴ ፓሳዴና፣ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። ሳይነጋ ትወጣለች። ባሏ ከሎንግ ቢች ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ትራክ ይነዳል፤ የሳምንቱን ግማሽ መንገድ ላይ ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት ጀርባ የደንበኞችን መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ልጅቷ የእኔ ነበረች። አፓርታማችን ከፓርኪንጉ አጥር ማዶ ነው፤ ኩሽናው መስኮት ላይ ስቆም የመኪኖቹን ጣሪያ አያለሁ። ልጅቷ ስትተኛ ስልኬ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ነቅታም እጽፋለሁ፤ ጥፋቴ እሱ ነው።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ ዕቃ ላከች። እኛ ዘንድ ዕቃ የሚላክበት የታወቀ መንገድ አለ። መጀመሪያ መንገደኛ ይፈለጋል። መንገደኛዋ «ሁለት ኪሎ ብቻ» ትላለች፤ ላኪዋ ሦስት ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ ድርድር ይመጣል፤ ካርቶን ይቀደዳል፣ ቆርቆሮ ይቀራል፣ ውስጡ ታጥፎ የነበረው ወረቀት ይጣላል። ወረቀት ኪሎ ይበላል። የቀረው ሁሉ በፌስታል ይቋጠራል። እናቴም በርበሬውን፣ የአጥሚቱን ዱቄትና ለልጅቷ የገዛችውን ፓውደር በየፌስታሉ ቋጥራ፣ ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጽፋ ሰደደች። ሎንግ ቢች ድረስ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። መንገደኛዋ እናቴን የምታክል ሴት ነበረች። ሻንጣዋን ወለል ላይ ከፍታ እያቀበለችኝ፣

«እናትህ ከነቆርቆሮው ካልወሰድሽ ብላ ልትጣላኝ ነበር። ቆርቆሮ ልሸከም ነው እንዴ በዚህ ወገቤ? ወይስ አንተ ቆርቆሮ ትበላለህ?» አለችኝ።

«አልበላም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ምን አጨቃጨቀን» አለች። ሳቅን።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ልጅቷ እያለቀሰች ነቃች። ሐኪሟ ያዘዘላት ወፍራም ነጭ ቅባት ማታውኑ አልቆ ነበር። እህቴ ስትወጣ «በውሃ ብቻ እጠባት፣ ሳልመጣ ምንም እንዳትቀባት» ብላኛለች። ሰምቻለሁ። ግን ልቅሶው አንጀቴን በላውና ፌስታሉ ትዝ አለኝ። ፓውደር ምን ያደርጋል ብዬ ነው? ሁላችንም የልጅነት ፎቷችን ላይ አንገታችን ነጭ ነው።

አልጋው ላይ አስተኛኋት፤ ፈታኋት። በግራ እጄ ስልኬን ይዤ ነበር፤ ማለዳ የመጣልኝ አንድ ስንኝ እንዳይጠፋብኝ እየጻፍኩ። የፌስታሉ ቋጠሮ አልፈታ አለኝ። ጫፉን በጥርሴ ነከስኩና ከላይዋ ሆኜ ሳብኩት። ጎኑ ተቀደደ።

ሁሉም ባንዴ ወረደ። ሆዷ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ ፊቷ ላይ። ከዚያ እንደ ጉም ተነሳና አልጋውን ሸፈነው። ልጅቷ በዚያች ቅጽበት ለልቅሶ አፏን ከፍታ ነበር። ስትስበው አየሁ። ሽታው የጽጌረዳ ነበር።

አሳላት። ደግሞ አሳላት። ከዚያ ያ የምፈራው ዝምታ መጣ፤ አሁን ግን ልቅሶ አልተከተለውም። ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኖ ዓይኗን በእኔ ላይ ተክላ ዝም አለች። አፈፍ አድርጌ ወደ ኩሽና ሮጥኩ፤ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ክንዴ ላይ በደረቷ ዘቅዝቄ ጀርባዋን መታሁ። ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ በጠበበ ቀዳዳ አየር ሲሾልክ የሚሰማው ዓይነት።

ፍሪጁ ላይ እህቴ የለጠፈችው፣ መርዝ ሲያጋጥም የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ነበር። ደውዬ ስፒከር ላይ አደረግሁት። እንግሊዝኛዬ በደህናው ቀን አያሳፍርም፤ የዚያን ቀን ግን «ቤቢ» እና «ፓውደር» ከማለት አላለፍኩም። ነርሷ አስተርጓሚ አስገባችልኝ፤ ረጋ ያለ ድምፅ ያላት ሴት።

«ወንድሜ፣ ልጅቷ ትተነፍሳለች ወይ ትላለች።»

«ትተነፍሳለች። ግን ያፏጫል።»

«ከንፈሯን ይዩት። ሰማያዊ ሆኗል?»

«አላውቅም። ሁሉ ነገሯ ነጭ ነው።»

«ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉላት፤ ጣትዎን አፏ ውስጥ አያስገቡ። ከዚያ ደረቷን ይዩ፤ ስትስብ ከጎድኗ ሥር ቆዳዋ ወደ ውስጥ ይገባል?»

አየሁ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከጎድኗ ሥር ትንሽ ጉድጓድ ይሠራል፤ ይጠፋል፤ እንደገና ይሠራል።

«ይገባል» አልኩ።

«አምቡላንስ እየላከች ነው፤ ስልኩን አይዝጉ። ፓውደሩ ታልክ የሚባለው የድንጋይ ዱቄት ነው ወይስ ከበቆሎ የተሠራ? ዕቃው ላይ ያለውን ያንብቡልኝ ትላለች።»

«ዕቃ የለውም።»

«እንዴት ዕቃ የለውም?»

«በፌስታል ነው።»

አስተርጓሚዋ ይህን አልተረጎመችውም። ራሷ፣ ቀስ ብላ፣ «መንገደኛ ነው ያመጣው?» አለችኝ።

«አዎ።»

ከዚያ በእንግሊዝኛ ረዥም ነገር አብራራች፤ «ኪሎ» የሚለውን ቃል ሰማሁ። ነርሷ የመለሰችው አጭር ነበር፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ ማወቅ ከቻልኩ ሐኪሞቹን ይጠቅማል።

እህቴ ለሥራ ሲጠሯት ብቻ የሚጮህ አሮጌ ስልክ ኩሽና ውስጥ ትታለች። በእሱ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። እዚያ መሽቶ አንድ ሰዓት ሆኗል።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ሌላ አገር ሰው ቢሰማ አያምነኝም። እናቴ ደም ግፊት አለባት። ክፉ ነገር ድንገት በስልክ አይነገራትም፤ በቤታችን ሕግ ነው። ስለዚህ ልጅቷ እጄ ላይ እያፏጨች፣ ሰላምታ ተለዋወጥኩ።

«እንዴት ነሽ እማዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? እህትህስ? ባሏስ ከመንገድ ገባ?»

«ሁሉም ደህና ነው። እማዬ፣ ያ ፓውደር ምን ዓይነት ነው?»

«ወደዳችሁት? ሽታው እኮ ነው! ባለሱቁን አስመርጬ ነው የገዛሁት።»

«ከምን እንደተሠራ የሚል ነገር አለው? ቆርቆሮውን ጣልሽው?»

«ለምን እጥላለሁ? ጨው አድርጌበታለሁ።»

«አንብቢልኝ እስቲ።»

«አሁን?»

«አሁን፣ እማዬ። እህቴ ሌላ ልግዛ ብላ ነው።»

«መነጽሬን ላምጣ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ሰማሁ። ነጠላ ጫማዋ እየተጎተተ ሄደ። መሳቢያ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ሌላ መሳቢያ። ልጅቷን ወደ ጆሮዬ አስጠጋኋት፤ በእናቴ መሳቢያና በእሷ ትንፋሽ መካከል ቆሜ የቱ ቀድሞ እንደሚያልቅ እቆጥር ነበር። እናቴ ተመለሰች።

«ማነው የሚያስለው? ልጅቷ ናት?»

«ትንሽ ጉንፋን ነው።»

«እንግዲያው ደረቷም ላይ ነስንስላት፤ ሙቀት ይይዝላታል» አለችኝ፤ ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። «ቲ። ኤ። ኤል። ሲ።»

«ታልክ» ብዬ ለሌላኛው ስልክ ጮህኩ። የእናቴን ስልክ ሳልሰናበት ዘጋሁት።

ወደ መግቢያችን የሚያመጣው መንገድ በፓርኪንጉ በኩል ነው፤ ለምግብ ቤቱ ዕቃ በሚያመጣ መኪና ተዘግቶ ነበር። በመስኮቱ ሳየው የፓርኪንጉ ኃላፊ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ የአምቡላንሱን ሳይረን ሰምተው በሁለት እጃቸው እያወናጨፉ ሾፌሩን ወደ ኋላ ያስኬዱታል። ደረጃውን ሳልቆጥር ወረድኩ። ከአምቡላንሱ የወረደው ሰውዬ ልጅቷን ተቀበለኝና ትንሽ ጭምብል አፏ ላይ አደረገላት። ጥቂት ቆይታ፣ በደከመ ድምፅ፣ ማልቀስ ጀመረች።

«ጥሩ ነው፤ የሚያለቅስ ልጅ አየር ይስባል» አለኝ ሰውዬው።

ጋሼ የመኪናውን በር ሊዘጉ ቀረብ ብለው ፊቴን አዩ። «ጥረገው አንተ» አሉኝ። እኔም ነጭ ነበርኩ።

ከአምቡላንሱ ደውዬላት ስለነበር እህቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወደወሰዱን ሆስፒታል ደረሰች። የድንገተኛ ክፍሏ ሐኪም በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለች ነገረችን። ዱቄቱ ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ድረስ ይገባል፣ ያደርቃል፤ ሕመሙ ዘግይቶም ሊመጣ ስለሚችል እስከ ማታ አናስወጣትም። ፓውደር ለዚህ ሽፍታ አያስፈልግም። ከዚያ ዳይፐሩን ፈታ ለረዥም ጊዜ ተመለከተች።

«ከፓውደሩ በፊት ሌላ የተቀባ ነገር ነበር?»

«የለም» ልል አፌን ስከፍት እህቴ ቦርሳዋን ከፈተች። ካርቶን የሌለው፣ ጫፉ የተጠቀለለ ትንሽ ቱቦ አወጣች። ቸርች አብራት የምትዘምር ልጅ የሰጠቻት፣ እሱም በሻንጣ የመጣ፣ ሴቶች ለፊታቸው የሚቀቡት ክሬም።

«አራቴ፣ አምስቴ» አለች በአማርኛ፣ ለእኔ። «ወዲያው ያጠፋዋል። ከዚያ ይመለሳል። እንደገና እቀባታለሁ።»

ሐኪሟ ቱቦውን አገላብጣ አነበበች። ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ቅላት የሚያጠፋ መድኃኒት ነው አለች፤ ዳይፐር ሥር ሲታፈን የሕፃን ቆዳ ይጠጣዋል፣ ይሳሳል። የሚያድን ይመስላል፣ ግን ሽፍታው ተደብቆ ይብሳል። እህቴ አልተከራከረችም። ሐኪሟ የነገረችን መፍትሔ አጭር ነበር፤ በውሃ ማጠብ፣ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ አየር እንዲያገኛት ፈትቶ መተው፣ የታዘዘውን የዚንክ ቅባት ወፍራም አድርጎ መቀባት፤ በጥቂት ቀን ካልተሻላት ይዞ መምጣት። የስቴሮይዱን ነገር ለሕፃኗ ሐኪም እንደምትጽፍ ነገረችን።

ማታ ልጅቷ ኦክስጅኗ ተነቅሎላት፣ አልጋው ጎን ቁጭ ብለን ደረቷን እያየን ነበር። ጉድጓዱ የለም። እህቴ ሳታየኝ፣

«ምን እየጻፍክ ነበር?» አለችኝ።

«አንድ ስንኝ።»

«ጥሩ ነበር?»

«አልነበረም።»

ራሷን ነቀነቀች። ለእማዬ እንዳንነግራት ተስማማን።

በማግስቱ ልጅቷ ቤት፣ ፎጣ ላይ ተፈትታ እግሯን እያወራጨች እናቴ ደወለች። ዓርብ የሚመጣ መንገደኛ አግኝታለች።

«ሌላ አንድ ፓውደር ገዝቼ እልካለሁ። ሁለት ነበር የገዛሁት፤ አንዱን ለታች ቤቷ ልጅ ሰጠኋት። ወልዳለች እኮ፣ አልነገርኩህም? የሷም ልጅ መቀመጫው ቆስሏል። ዛሬ ማታ ነስንሺለት ብያታለሁ።»

እህቴን አየኋት። ስፒከር ላይ ነበር፤ ሰምታለች። የእናታችን ደም ግፊትና የማናውቀው ልጅ ትንፋሽ በመካከላችን ቁጭ አሉ። እህቴ «ንገራት» አለች፣ በከንፈሯ ብቻ።

ነገርኳት። ጉንፋን እንዳልነበረ፤ ፌስታሉን በጥርሴ እንደቀደድኩ፤ የሰማችው ሳል ምን እንደነበር። «ደረቷ ላይ ነስንስላት» ያለችውን አላነሳሁም። እሷ ግን አልረሳችውም፤ ዝምታዋ ነገረኝ። ደግሞ ያ ዝምታ፣ አሁን በሌላ ሰው አፍ።

«እማዬ? ቁጭ በይ። እማዬ?»

ነጠላ ጫማዋ ሲሮጥ ሰማሁ፤ በዚያ ጉልበቷ ስትሮጥ ሰምቼ አላውቅም። በር ተከፈተ፤ ደረጃ፤ ትንፋሿ፤ ከዚያ ብረት በር በመዳፍ ሲደበደብ። «ክፈቺ፣ እኔ ነኝ» ትላለች። «ክፈቺ።» እህቴ ልጇን ከፎጣው ላይ አንስታ ወደ ስልኩ ቀረበች። ሦስታችንም ጆሯችንን ሰጥተን ቆምን። በሩ ቶሎ አልተከፈተም። ከበሩ ኋላ ግን፣ ከሩቅ፣ አንድ ሕፃን በሙሉ ድምፁ ያለቅስ ነበር።