ለቅሞ ያላነበበው ገጽ

ግራ እጁ መዳፍ የምታህል የብረት መደርደሪያ ይይዛል። ቀኝ እጁ ወደ ፊደል ሣጥኑ ይወርዳል፤ ዓይኑ ግን ከጽሑፉ አይነቀልም። ከእርሳስ ማዕድን የተሠራውን ፊደል በሁለት ጣት ያነሣል፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ጭረት ዳብሶ አቅጣጫውን ያረጋግጣል፣ ተዘቅዝቆ እንዲቆም ያስገባዋል። የግራ አውራ ጣቱ የመጨረሻውን ፊደል ደግፎ ይጠብቃል። መስመሩ ሊሞላ ሲል በቃላቱ መሃል ስስ ብረት ይወትፋል፤ ነቅነቅ አድርጎት ካልተንቀሳቀሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንዲህ እያለ አርባ አንድ ዓመት ሠርቷል። ፊደል እየለቀመ ገጹን ለኅትመት የሚያሰናዳ ነውና የማተሚያ ቤቱ ሰዎች «ጋሼ ለቃሚ» ይሉታል።

ለቃሚ የሚያየው ፊደል ነው። ቃሉን ካነበበ እጁ ይዘገያል፣ ነገሩ ከጣመው ደግሞ ይሳሳታል። ስለዚህ ሳያነብ መልቀምን ነው የተማረው። የሠርግ ጥሪም ይሁን የሐዘን መግለጫ ለእሱ ያው ነው።

«አንተ እኮ የራስህን የሞት ማስታወቂያ ለቅመህ ምሳህን ትበላለህ» ትለው ነበር አፈኛዋ የመጽሐፍ ጠራዥ።

«ታዲያ ምሳዬን ለማን ልተው?» ይላታል።

ሚስቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናቸው ውስጥ አሥራ አራት ትልልቅ ሰዎች ታስተምር ጀመር፤ ልብስ ሰፊ፣ ሹፌር፣ ዘበኛ። ቃላቱን በፊደል ተራ አታስተምርም። ተጣምረው የሚሄዱ ፊደሎችን ትመርጥና እነሱ ያሉባቸውን ቃላት አንድ ገጽ ላይ ትሰበስባለች። «ዘመዳሞች አብረው ሲቀመጡ ቶሎ ይለመዳሉ» ትላለች። ትርጉሙንም ከመዝገበ ቃላት አትገለብጥም፤ ከቤቷ ነው የምታወጣው። በኬ እና ኤን ገጽ ላይ «ኖክ» ለሚለው፦ «ማንኳኳት፤ ባሌ ቁልፉን ረስቶ ሲመጣ የሚያደርገው፣ ማለትም በየቀኑ»። በኤም እና ቢ ገጽ ላይ «ኮም» ለሚለው፦ «ማበጠሪያ፤ እኛ ቤት ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ የሚያገለግል»። ተማሪዎቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ማተሚያ ቤቱ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ሣጥን ብቻ ነው፤ ለአንድ ገጽ ከበቃ ተመስገን ነው። ስለዚህ ባልየው በሳምንት አንድ ገጽ ይለቅማል፣ አሥራ አምስት ቅጂ ያትማል፣ ከዚያ ገጹን አፍርሶ ፊደሎቹን ወደየቤታቸው ይመልሳል። አሥራ አራቱ ቅጂ ለተማሪዎቹ፣ አንዱ ለቤት። የእጅ ጽሑፉ ከታተመ በኋላ የቀለም መጥረጊያ ይሆናል። የሙያው ልማድ ነው፤ ማንም ነገሬ አይለውም።

አሥራ ሁለተኛውን ገጽ የጻፈችው ልቧ ታሞ፣ አልጋ ላይ ሆና ነው። ጂ እና ኤች የተጣመሩባቸው ቃላት ናቸው፤ ላይት፣ ናይት፣ ኔበር፣ ላፍ፣ ዶተር። ብርሃን፣ ሌሊት፣ ጎረቤት፣ መሳቅ፣ ሴት ልጅ። እነሱ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ጉዳይ በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረው አያውቁም።

ያን ዕለት የለቃሚው ሐሳብ ጂ ላይ ነበር። ገጹ ሳይጋመስ ጂ አለቀበት። ተለቅሞ ሳይፈርስ የቆየ አንድ የአድራሻ ካርድ ፈትቶ ሦስት አገኘ፤ ጠርዟ የተሸረፈ አንዲት ጨመረ፤ አሁንም አልበቃም። ግማሽ ቀን ጂ ሲለቃቅም ዋለ። ለእርማት የታተመውን ሲያየውም ዓይኑ የሄደው ወደዚያች ሸራፋ ጂ ነው።

ቤት ሲገባ ትራስ ተደግፋ ትጠብቀው ነበር።

«አነበብከው?»

«ለቀምኩት እኮ።»

«መልቀምህንማ አውቃለሁ፣ አንተ ሰውዬ። አነበብከው ወይ?»

«አዎ። ግሩም ነው።»

ፊቱን አተኩራ አየችው። «በቃ? ግሩም?»

«ግሩም ነው አልኩሽ። ብቻ ጂ ጨረሽብኝ።»

ፈገግ አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። እንቅልፍ የመጣባት መስሎት መብራቱን አጠፋላት።

ቅዳሜ ተማሪዎቹ ሊጠይቋት መጡ፤ ባልየው ገጹን አደላቸው። ልብስ ሰፊዋ እህቷን አስከትላ ስለነበር ለቤት የቀረውን ቅጂ ለእንግዳዋ ሰጣት። «ለእኔማ ደራሲዋ እቤቴ አለችልኝ» ብሎም ቀለደ። ሰኞ ገጹን አፈረሰ። ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ ሞተች።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አሥራ አንዱን ገጽ አውጥቶ አነበበ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። በየገጹ እሱ አለበት፤ ቁልፉ፣ ራሰ በራነቱ፣ ሻይ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር። አሥራ ሁለተኛው ግን የለም። በነጋታው ማተሚያ ቤት ሄዶ የቆሻሻ በርሜሉን ዘረገፈው። የእጅ ጽሑፏ ተገኘ፤ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ቀለም ተውጧል። ጠራዧ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዛ ሞከረች። ያን ቀን ምንም አልቀለደችም። «ተወው ወንድሜ፣ አይነበብም» ብቻ አለችው።

ከተማሪዎቹ ዘጠኙን አግኝቷል፤ ወረቀቱ በእጁ ያለ ግን የለም። ሹፌሩ ወረቀቱን መኪና ውስጥ ትቶት መኪናው ተሸጧል። ልብስ ሰፊዋ ለልብስ ቅድ መለኪያ ቆርጣዋለች።

«ቃላቱንማ በቃሌ ይዣቸዋለሁ፣ ጋሼ» ብላ ላይት፣ ናይት እያለች በጣቷ ቆጠረችለት።

«ዶተር ምን ይላል?»

«ሴት ልጅ ነዋ!»

«እሱን አይደለም። እሷ ከትርጉሙ ያስከተለችውን።»

መቀሷን አስቀመጠች። «ከእናንተ ቤት ወጥተን መንገድ ላይ ስናነበው ሌላው ላይ ስቀናል። እሱ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን፤ ዝም ማለታችን ትዝ ይለኛል። ቃሉ ግን ጠፋኝ፤ ይቅር በለኝ።» እህቷ ደግሞ ርቃ ሄዳለች፤ ወረቀቱን ይዛ ትሁን ጥላ ልብስ ሰፊዋ አታውቅም።

አሁን ገጾቹን በመጽሐፍ መልክ ሊያወጣ እንደ አዲስ ለቅሟቸዋል፤ እያነበበ ስለሚለቅም አንዱ ገጽ ሳምንት ይፈጅበታል። አሥራ አንዱ ተጠናቋል፤ ጥረዛው ግን አሥራ ሁለተኛውን ሲጠብቅ ቆሟል። ይህን ሁሉ ለእኔ ለጸሐፊው ከነገረኝ በኋላ ለአንባቢ አድርስልኝ ያለኝ እንዲህ ነው፦

«ያ ወረቀት ያለው ሰው ካለ፣ ወረቀቱን አልወስድበትም፤ ለራሱ ይሁን። ማተሚያ ቤት ነው የምውለው። ጎራ ይበልና ዶተር ከሚለው አጠገብ ያለውን ያንብብልኝ። ቀስ ብሎ።»