መተው የሚችል መቺ

ክሪኬት የሚሉትን የዱላና የኳስ ጨዋታ ማንም አላስተማረኝም፤ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ግሮንላንድ በሚባለው ሰፈር፣ ጤፍ ከምገዛበት ሱቅ ቴሌቪዥን ላይ ብቻዬን ነው የተማርኩት። ያን ቀን የባለሱቁ አገር ብሔራዊ ቡድን ቴስት የሚሉትን የአምስት ቀን ግጥሚያ ላለመሸነፍ፣ የመጨረሻዎቹ መቺዎች ኳሷ ከኋላቸው የተተከሉትን እንጨቶች ሳትመታባቸው ወይም ሳትቀለብባቸው፣ እስከ ማምሻው ከጨዋታ ሳይወጡ መቆየት ብቻ ነበረባቸው።

«እንጨቶቹን ስታ የምታልፈውን ኳስ አይንኳት» አልኩት ባለሱቁን።

«አባባ፣ እናንተ አገር ክሪኬት አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«የለም። ዓይን ግን አለን።»

ወዲያው የመጨረሻው መቺ፣ ችኩሉ፣ ለጭብጨባ ብሎ መታት፤ ኳሷ አየር ላይ ተቀለበች፣ ተሸነፉ። በሦስት ሰዓት በሚያልቀው አጭሩ ክሪኬት የሰከረ ሁሉ አምስት ቀን መቆም ከየት ያመጣል? እኔ እዚሁ ከተማ ሄልስፊር ሰፈር የቢሮ ወለል ሳጸዳ ሃያ ዓመት አልቸኮልኩም።

ባለሱቁ ጤፌን እየመዘነ፣ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ።

«የቡድናችሁ መራጮች ኳስ መተው የሚችለውን መቺ ይምረጡ። አገር ቤትም ረጅሙን ጨዋታ ያለማምዱት።»

ከዚያ ወዲህ ስለ አገሬ ክሪኬት ጠይቆኝ አያውቅም።