ቀዩን መብራት እንዳትነካው!

ዛሬ ከደሴ ወደ ወልዲያ ስመለስ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ውርጌሳ መውጫ ላይ ቀጥ አለች። ባትሪው ገና ግማሽ አለኝ እያለ! መንገድ ላይ ስትቆም ይሄ አራተኛዋ ነው።

ያገለገለች መሆኗን አውቄ ነው የገዛኋት። በየሳምንቱ አስፋልት ላይ እንድትተኛ ግን አልተስማማንም።

በሬዎቻቸውን እየነዱ የሚያልፉ አንድ አባት ቆሙ። «ምን ነካት ልጄ?»

«ባትሪዋ ነው አባባ። ባለሙያው ሦስቴ ሠርቷት ነበር።»

«ምን አደረጋት?»

«ስልኩን ከመኪናዋ ጋር ያገናኝና ብልሽት አለ የሚለውን ቀዩን መብራት ያጠፋዋል።»

«ከፍቶ ሳያያት?»

«ሳያያት።»

«ሱብሃነላህ! የኔን በሬ ሲያመው እንኳ ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ያየዋል።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ንዴቴ።

አባባ ሰው ጠርተው መኪናዋን ገፍተን ዳር አስያዝናት። ባለሙያው ደውዬለት ከወልዲያ ደረሰ፣ ያንኑ ስልኩን ይዞ። «እህቴ፣ አሁን አጠፋልሻለሁ።»

«እንዳትነካው!» አልኩና ስልኩን የሚያገናኝበትን መሰኪያ በእጄ ሸፈንኩት። «አስጭነህ ጋራዥህ ወስደህ ባትሪውን ትከፍታለህ። እኔም ቆሜ አያለሁ።»

«ብዙ ሥራ እኮ ነው!»

አባባ ከኋላዬ ሆነው «ታዲያ ሥራህ አይደል?» አሉት።

ይሄን የምጽፈው ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ባትሪው ወርዶ ተከፍቷል። ከሴሎቹ አንዱ እንደ ዳቦ አብጦ ተገኘ። መብራቱ ለካ እውነቱን ነበር!

ሴሉ እስኪቀየር በእግሬ እሄዳለሁ። ተማርራ ትሸጣታለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ ግን አይድከም።

የእናንተስ ባለሙያ የሚያጠፋው ብልሽቱን ነው መብራቱን? እስቲ አውጡት።